ሊቀ አንቀጽ እና ሦስቱ ቡሎኖች

ከቦሌ ድልድይ እስከ አያት ድረስ በአማርኛ ተጽፎ ስክሪን ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኔ እጅ ታጥቦ፣ ተበጥሮና ተተኩሶ ነው ለሰው ዓይን የበቃው። እኔ ባልኖር ኖሮ የከተማችን ግማሽ ሕዝብ ጥያቄ መጠየቅ አይችልም ነበር፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ መልሱ አይገባውም ነበር። ይህን ስናገር የሚያውቁኝ ሰዎች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። በዚያ ሰው በሚጠያየቅበት ድረ ገጽ ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ካበረከትኩት ሁሉ ብዙ ምስጋና ያስገኘልኝ፣ አንዱ የፍሪጁን ፎቶ በጎኑ ለጥፎት ያዞርኩለት ነው። ፍሪጁ ተጋድሞ ነበር፤ አቆምኩለት። አሥራ አንድ ሰው አመሰገነኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ደርሼ አላውቅም።

ድረ ገጹን ለማታውቁት ላስረዳ። ሰው የቸገረውን ይጠይቃል፤ የውሃ ታንከር ለምን ያንጠባጥባል፣ መንጃ ፈቃድ ሲጠፋ ወዴት ይኬዳል፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሚስማር ለምን አይቀበልም። የሚያውቀው ይመልሳል፤ የማያውቀው ደግሞ ፈጥኖና አስረዝሞ ይመልሳል። ሦስተኛው ዓይነት ፍጡር እኔ ነኝ፦ የማልጠይቅ፣ የማልመልስ፣ ሌሎች የጻፉትን ገብቼ የማስተካክል። ማንም የማንንም ጽሑፍ ማረም ይችላል። እርማቱን ሁለት ሌሎች አራሚዎች ካጸደቁት ይወጣል፤ የድሮው ጽሑፍ ከገጹ ግርጌ፣ የጉንዳን ዓይን የምታክል ቁልፍ ሥር ይቀበራል። ያቺን ቁልፍ ከአራሚዎች በቀር የሚያውቃት የለም። ቢያውቃትም ጣቱ ወፍራም ነው።

የሰዉን አጻጻፍ ባያችሁት። አንዱ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሁሉንም ቦልድ ያደርገዋል፤ ጽሑፉን ስትከፍት የሰርግ ቤት ድምፅ ማጉያ አጠገብ የቆምክ ይመስልሃል። ሌላው ቀይ ቀለም ያገኘ ቀን አብዷል። አንዷ ስለ ፍሳሽ ቧንቧ ስትጠይቅ በየቃሉ መካከል አበባ ተክላ፣ የሽንት ቤቱ ችግር የልደት ካርድ መስሎ ቁጭ አለ። አንድ የመገናኛ ነጋዴ ደግሞ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ወረቀቱን ፎቶ አነሳ፤ ፎቶውን ሌላ ስልክ ላይ ከፈተ፤ ያንን ስልክ ፎቶ አንስቶ ለጠፈው። ጥያቄው አይነበብም። በመስታወቱ ላይ የሰውየው አፍንጫ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

የተማሩት ይብሳሉ። ኦሎምፒያ ካሉት ሕንፃዎች የሚጽፉት ባለሙያዎች ለሦስት መስመር መልስ "መግቢያ"፣ "ዳራ" እና "ማጠቃለያ" ብለው ርዕስ ያወጣሉ። አምፖል እንዴት ይቀየራል ለተባለ ጥያቄ ዳራው ምንድነው? ጨለማ?

በዚህ ሁሉ መሀል ነው እንግዲህ እኔ ራሴን "ሊቀ አንቀጽ" ብዬ የሾምኩት። በድረ ገጹ ላይ መጠሪያዬ ይኸው ነበር። ፎቶዬ ቦታ ደግሞ የቀለም ብዕር ሥዕል አስገባሁ። በብዕር ጽፌ የማውቀው ቼክ ላይ ስፈርም ብቻ ነው፤ እሱም ከስንት አንዴ።

ሥራዬም ከዚህ የራቀ አይደለም። ኦሎምፒያ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ አዘጋጅ ነኝ። ሪፖርት ይመጣልኛል፤ ኅዳጉን አስተካክላለሁ፣ ርዕሱን አደምቃለሁ፣ ሰንጠረዡን መስመር አስይዛለሁ፣ አስጠርዤ እሰጣለሁ። ሃያ ዓመት ሲያልፈኝ አንድም አለቃ "አንብብልኝ" ብሎኝ አያውቅም። "አሳምርልኝ" ነው የሚሉኝ። የሚቀበለውም ሰው አያነብም፤ በእጁ ይመዝነውና "ጥሩ ሠርታችኋል" ይላል። ኪሎ የሚገዛ ነው የሚመስለው።

ድረ ገጹ ላይ እርማት የምንለዋወጥ ስምንት ሰዎች ደግሞ ቴሌግራም ላይ ቡድን አለን። አንዱ እርማት ሲያስገባ "ጓዶች አንድ አለች" ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱ ሮጠው ያጸድቁለታል፤ ነገ እሱም ሮጦ ያጸድቅላቸዋል። አንድ ጊዜ ለተንኮል አንዲት ነገር ሳልቀይር እርማት ነው ብዬ ላክሁ። በደቂቃ ውስጥ ጸደቀ። አንዱማ "ግሩም ሥራ፣ አሁን ተነበበ" ብሎ ጻፈልኝ። ናቅሁት። ያንኑ ቀን የእሱን ሦስት እርማት ሳላይ አጸደቅሁለት።

ከሁሉም አብልጬ የምንቃቸው ግን የላምበረቱን ሽማግሌ ነበር። ወሎዬ ናቸው፤ ከላምበረት ወደ ሰሜን በሚወጡ አውቶቡሶች ሥር በጀርባቸው ተኝተው ያረጁ መካኒክ። ይህን የሚናገሩት ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው፤ በየመልሳቸው መግቢያ ላይ ይጽፉታል። መጀመሪያ አሰላሙ አለይኩም ይላሉ። ከዚያ ስለ ጤናችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ። ከዚያ አንቀጽ የሚባል ነገር በሌለበት፣ መተንፈሻ በሌለው አንድ ግንብ የመሰለ ጽሑፍ ውስጥ መልሱን ይነግሯችኋል። ያሉትን መልሰው ይሉታል፤ መልሰው ያሉትን ይደግሙታል። መጨረሻ ላይ ስልካቸውን አስቀምጠው "ካልገባችሁ ደውሉ፣ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው" ይላሉ። ሰላምታውን እቆርጣለሁ። ስልኩን እቆርጣለሁ። ዝናቡንም እቆርጣለሁ። በዚያ ዓመት የሳቸውን ዝናብ ያባረርኩትን ያህል ፀሐይ እንኳ አላባረረችም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት፣ እሷም በቅጽል ስም ጽፋ፣ እንዲህ ብላ ጠየቀች፤ ዛሬ በቃሌ ስለማውቀው ነው የምጽፈው። ጫጩት የማስፈለፍል ነኝ አለች። የመጀመሪያው ዙር እንቁላሎቼ በአሥራ ሰባተኛ ቀናቸው ሞቱብኝ። መብራት ሄደ፣ ጀነሬተሩ ናፍጣ ጨርሶ ቆመ፣ ሞልቼለትም አልነሳ አለኝ፤ መካኒክ እስኪመጣ ሁሉም በረዱ። አሁን ሁለተኛውን ዙር ላስገባ ነው፤ ይኼም ከሞተብኝ ማስፈልፈያ ማሽኑን ሸጬ ወደ ድሮ ሥራዬ እንደምመለስ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። እንደዚያ ቀን ቢቆምብኝ፣ እባካችሁ፣ በገዛ እጄ እንዴት ነው የማስነሳው?

ሊቀ አንቀጽ ገባና አስተካከለላት። እኔ ከወጣሁ በኋላ የቀረው ይኸው ነው፦ "ናፍጣ ጨርሶ የቆመ ጀነሬተር እንዴት ይነሳል?" አንዲት መስመር። በጣም ኮራሁባት።

የላምበረቱ ሽማግሌ መለሱ። ናፍጣ ሲያልቅ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፣ አየሩ ካልወጣ ሞተሩ አይነሳም ብለው ጀመሩና ግንቡን ገነቡት። ውስጡ ሦስት ቦታ ላይ "የእጅ ፓምፑን እየገፋሽ" የሚል አየሁ። ሦስቱም እንደዚያ ይጀምራሉ፣ ሦስቱም "አረፋው ሲያልቅ አጥብቂ" ብለው ያልቃሉ። ይኸው፣ አልኩ፣ ሽማግሌው ዛሬ ደግሞ ሦስቴ ሊነግሩን ነው። አንዱን አስቀርቼ ሁለቱን ጠረግኋቸው። የቀረውን በቁጥር ደረደርኩ፣ ቁጥሮቹን ቦልድ አደረግሁ፣ በየመሀሉ አየር ሰጠሁት። ለእርማቱ ምክንያት የሚጻፍባት ሳጥን ውስጥ "ሰላምታና ድግግሞሽ ተወግዷል፤ ነፍስ ተዘርቶበታል" አልኩ። ጓዶቼ ሻዬን ሳልጨርስ አጸደቁልኝ።

ሽማግሌው ሥሩ አስተያየት ጻፉ፦ "ልጄ አምሮበታል። ግን አላጠረም ወይ?"

"አባቴ፣ የዛሬ ሰው ጊዜ የለውም" ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው ጊዜ ስላላቸው ዝም አሉ። የድሮውን እንዴት እንደሚመልሱት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው ከእኛ ብሎክ ሥር የሆነ ነው። የምኖረው ጎሮ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ካሉት ሱቆች አንዱን ተከራይታ እንቁላል የምታስፈለፍል ጎረቤት አለችኝ፤ ከወላይታ የመጣች፣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ፣ ቦሌ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የነበረች። ደረጃው ላይ ስንገናኝ "ዶሮዎቹ ደህና አደሩ?" እላታለሁ፤ "ገና እንቁላል ናቸው" ትለኛለች። ለአንድ ዓመት ያህል የጠለቀ ንግግራችን ይኼ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት መብራት መሄዱን ያወቅሁት ዋይፋዩ ሲቋረጥብኝ ነው። የአንድን ሰው የቀይ ወጥ አሠራር በግማሽ አስተካክዬ ነበር። ምሬቴን የሚሰማኝ ሰው ፍለጋ በቁምጣ ወረድኩ። ጎረቤቴን ከሱቋ ጀርባ፣ ጀነሬተሩ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። የቸርች ልብሷን ለብሳለች፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ናፍጣ ነክሮታል።

ነገሩን እየሠራች ነገረችኝ። መብራት የሄደው በንጋት ነው። ጀነሬተሩ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ቆመ፤ የናፍጣ ማሳያው ግማሽ ይላል፣ ግን ሁሌም ግማሽ ነው የሚለው። ሞላችው፤ አይነሳም። ባሏ መዘምራን ውስጥ ስላለ ቀድሟት ሄዷል፣ ስልኩንም ዘግቷል። መገናኛ ያለው መካኒክ አያነሳም። ውስጥ አምስት መቶ ያህል እንቁላል አሥራ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል፤ ሁለት ቀን ነው የቀራቸው። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላዋለች፤ ቴርሞሜትሩ ግን መውረድ ጀምሯል።

"መመሪያ አለኝ፣ ጋሼ" አለችና ስልኳን ሰጠችኝ። ጋሼ ትለኛለች እንጂ እርስዎ ብላኝ አታውቅም፤ ሰው ስለማስቅ መሰለኝ አንቱታ እኔ ላይ አይቆምም። "ለዚህ ቀን ብዬ ነው የጠየቅሁት። አንተ አንብብልኝ፣ እኔ ልሥራ።"

ስልኩን አየሁት። ያ ቦልድ፣ ያ ቁጥር፣ ያ በመስመሮቹ መሀል ያለ አየር፤ የራሴን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት መንገድ ላይ ያገኘሁት ያህል አወቅሁት። ያቺ ሴት እሷ ነበረች። ከሦስት ፎቅ በታች።

አነበብኩላት። አንድ፣ ናፍጣ መኖሩን አረጋግጪ። ሁለት፣ የእጅ ፓምፑን እየገፋሽ ማጣሪያው አናት ላይ ያለውን ቡሎን አላሊ፤ አረፋው ሲያልቅ አጥብቂ። ሦስት፣ አስነሺ። ሌላ ነገር የለውም። እንዴት ያለ ንጹሕ ጽሑፍ ነበር።

ያልኳትን አደረገች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ደግማ ሞከረች፤ አንዴ ሳለና ዝም አለ። ባትሪው ከአራት አምስት ጊዜ በላይ አይችልልኝም አለች።

"እንደሱ ነው የሚለው?"

"እንደሱ ነው።"

"መጀመሪያ ሳየው ረጅም ነበር፣ ጋሼ። እርግጠኛ ነኝ። ሰውየው ስልካቸውንም ጽፈው ነበር።" እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "አንዱ የማይረባ ገብቶ ነካካው መሰለኝ።"

ወዲያው ያቺን የጉንዳን ዓይን አሳየኋት ብል ደስ ባለኝ። አላሳየኋትም። ያቺን ቁልፍ ከነካሁ የአራሚው መጠሪያ አናቱ ላይ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ምናልባት መካኒኩ ይደውል ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምናልባት መብራቱ ራሱ ይመጣ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በሃምሳ ዓመቴ፣ በቁምጣ፣ የሰው ስልክ ይዤ፣ መብራት ኃይል ያድነኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚህ የበለጠ የወረደ ተስፋ ያደረገ ሰው በዚህች ከተማ ካለ ይጻፍልኝ፤ አስተካክልለታለሁ።

እሷ ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰች። ሙቀቱ ከሠላሳ ሰባት ወደ ሠላሳ ሁለት ወርዷል አለች። አንድ እንቁላል በመዳፏ ይዛ ጆሮዋ ላይ አስጠግታዋለች። ውስጡ ያለው ጫጩት ድምፅ የሚያሰማበት ጊዜ ነው፤ ሲነጋ ሁሉም ይንጫጩ ነበር።

"ይሰማል" አለችኝ። "ግን ቀስ ብሏል።"

ያቺን የጉንዳን ዓይን ነካሁና ስልኩን መለስኩላት። የሽማግሌው ግንብ ሙሉውን ወጣ፤ ከነሰላምታው፣ ከነዝናቡ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። ከላይ ደግሞ ያረመው ማን እንደሆነ። ጮክ ብላ አነበበችው።

"ሊቀ አንቀጽ። ነፍስ ተዘርቶበታል ይላል።" ቀና አለች። "ማነው ይሄ ደግሞ?"

"አንድ ሥራ ፈት" አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ከጻፍኩትና ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ማስተካከያ የማያስፈልገው ይኼ ብቻ ነው።

ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከኋላ የአውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማል። ሽማግሌው ሰላምታ ጀመሩ፤ እሷ አቋርጣ ነገረቻቸው። ማስታወሳቸው ገረመኝ። የእንቁላሏ ልጅ ነሽ አሏት፤ እኔ ከጥያቄዋ ላይ የቆረጥኩትን ሁሉ እሳቸው ቀድመው አንብበው ይዘውታል።

"ስንተኛው ቡሎን ላይ ነሽ?"

"አንድ ነው አይደል እንዴ፣ አባባ?"

"ሦስት ናቸው እንጂ። ሦስት ብዬ ጽፌ የለም?" ከዚያ እንደ መሳቅ አሉ። "አየር አንዴ ውጣ ሲሉት የሚወጣ እንግዳ አይደለም፣ ልጄ። ከማጣሪያው ስታስወጪው ሞተሩ ጎን ይገባል፣ ከዚያ ስታስወጪው አናቱ ላይ ይወጣል። ተከትሎ ነው ማባረር። አጠገብሽ ሰው አለ?"

አለ፣ ጎረቤቴ ነው አለቻቸው።

"እጁ ይሠራል?"

እሷ እጄን አየችው። "እንሞክራለን" አለች።

የእጅ ፓምፑን እኔ ገፋሁ፤ ቡሎኑን እሷ ያዘች። ሁለተኛው ከሞተሩ ጎን፣ የተደበቀ ቦታ ነበር፤ ስታላላው አረፋው እየተንጫጫ ወጣ። ሽማግሌው በስልኩ ድምፁን እየሰሙ፣ ገና ነው፣ ገና ነው፣ አሁን አጥብቂው ይላሉ። ሦስተኛው ሞተሩ አናት ላይ ቱቦው ጫፍ ያለው ነው፤ ናፍጣው ፊቴ ላይ ተረጨ፣ አፌም ውስጥ ገባ። መዋጥ ይገባኝ ነበር፤ ተፋሁት። ከዚያ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳለ፣ ሳለ፣ ያዘ። ብሎኩ ተንቀጠቀጠ። ከሱቁ ውስጥ የማሽኑ ማራገቢያ ሲነሳ ሰማሁ። እሷ ሮጣ ገባች።

ስልኩ መሬት ላይ እንደተከፈተ ነበር። "ተነሳ?" አሉ ሽማግሌው።

"ተነሳ፣ አባባ።"

"አልሐምዱሊላህ። ያንን ጽሑፍ ያሳመረውን ልጅ እንዳትቆጡት። እጁ ጥሩ ነው። ብቻ የመኪና ሰው አይደለም።"

በሕይወቴ ከሰማኋቸው ስድቦች ሁሉ እንደዚያ ያቃጠለኝ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠራችኝ። ገባሁ። ማሽኑ ተከፍቷል፤ ቢጫና እርጥብ ነገር በየመደቡ እየተገፋፋ ይንጫጫል። ስልሳ ያህሉ ሳይፈለፈሉ ቀርተዋል፤ እነሱን በባልዲ ለብቻ አድርጋለች። የቀሩት ግን እግር አውጥተዋል። ባሏ አይቷቸው ማሽኑ አይሸጥም እንዳለ ነገረችኝ። ስትናገር ፊቷን ወደ ጫጩቶቹ አዙራ ነበር።

አንድ ቀልድ ፈለግሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ።

"ያ ሊቀ አንቀጽ የተባለው እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ያቺን ቁልፍ ሳትፈልግ ነው የነካሃት። እኔ አንድ ሰዓት ብፈልግ አላገኛትም።" አንዱን ጫጩት አንስታ በጣቷ ጀርባውን አደረቀችለት፤ መልሳ አስቀመጠችው። የተቆጣች አትመስልም፤ ከዚያ ይልቅ ልታውቀው የምትፈልገው ነገር ያላት ነበር የምትመስለው።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ጋሼ። ስታስተካክለው አንብበኸው ነበር?"

አላነበብኩትም ነበር።